ገመዱን ፍቱት! ስለዛለች ነፍስ እና ስለ ወቅቶች



ስለ ራሴ መጻፍ አልወድም። ዛሬ ግን ከራሴ ካልጀመርኩ የምለው ሁሉ ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከመግሪብ በኋላ ልጆች እያስቀራሁ ነበር። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ «ሷድ»ን «ሲን» እያደረገ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ጮህኩበት። ጩኸቱ የመምህር ተግሣጽ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣ ለራሴም ያስደነገጠኝ ጩኸት ነበር። ልጁ አላለቀሰም። ሙስሐፉን ዘጋ፣ በልብሱ ጠቅልሎ ያዘው፣ ጫማውን አንስቶ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ቆመው «ኡስታዝ፣ የመድረሳ ሰዓት ሲደርስ ሆዴን ያመኛል ይላል» አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ቁርኣን የማስተምረው ሰው የአንድ ልጅ የሆድ ሕመም ሆኜ ነበር።

ያ ቀን ድንገት የመጣ አይደለም። ከሱብሒ በፊት መስጂድ እከፍታለሁ። ከሱብሒ በኋላ ደርስ አለ። ከረፋድ እስከ ዐስር በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ፤ የኢማም ረዳት በሚያገኘው ብቻ ቤተሰብ አያድርም። ከዐስር በኋላና ከመግሪብ በኋላ ልጆች አሉ። ከዒሻእ በኋላ የተጣላ ባልና ሚስት ይመጣል። ከዚያ እንቅልፍ እስኪጥለኝ ስልኬ ላይ የሚላኩ ጥያቄዎችን እመልሳለሁ። በዚህ መሐል ኒካሕ አለ፣ ጀናዛ አለ። ለሰባት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሰው «ማሻአላህ፣ አይደክመውም» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። አንድ የማውቃቸውን አዛውንት ጎረቤት ሳጥብ ልቤ ምንም አላለኝም። ተራዊሕ ላይ ቆሜ የቀሩትን ረከዓዎች የምቆጥር ሰው ሆንኩ። ሰላምታ የሚከብደኝ ሆንኩ።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህ አዳማ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆኑ ወንድሞች ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ባጃጅ ነጂው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ የጁቡቲ መስመር ሹፌሩ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው፣ ቀን ቢሮ ውላ ማታ በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠው እህት፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉት፦ «ዛልኩ»። ከተማችን የመንገድ ከተማ ናት። የጁቡቲው መንገድም ባቡሩም በዚህ ያልፋል፣ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ ጎረቤት ሆናለች። መንገድ ደግሞ ማታና ቀን፣ በጋና ክረምት አያውቅም። እኛም እንደ መንገዱ ሆነናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ይህን ጉዳይ በዝርዝሩ ሲያስገባ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ብሎ ሦስት ምልክቶች ሰጠው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መጥላት፣ የሚሠሩት ነገር ፍሬ የሌለው መምሰል። ሦስቱንም ሳነብ ስሜን የጠሩኝ ያህል ነበር።

በእኛ መሐል ለዚህ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «የኢማን ድክመት ነው፣ ዚክር አብዛ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የዘመኑ አነቃቂ ንግግር ነው፦ «ጠንክር፣ ሌላው ሲተኛ አንተ ሥራ፣ ዕድሜህ እየሄደ ነው»። ዚክርም ሥራም ጥሩ ናቸው። ለዛለ ሰው ግን ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ጨምር። መጨመር ያደከመውን ሰው ጨምር ማለት መድኃኒት አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አደረጉ? አነስ (ረ.ዐ.) እንዳወሩትና ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መሐል የተወጠረ ገመድ አዩ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የዘይነብ ነው፣ በሶላት ቆማ ሲደክማት ትይዘዋለች ተባሉ። ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ። ሰው ንቁ በሆነበት ልክ ይስገድ፣ ሲደክመው ይቀመጥ የሚል ነው የንግግራቸው ፍሬ።

ልብ በሉ! ሥራው ሶላት ነው። ሠሪዋ የሙእሚኖች እናት ናት። ኒያዋ ንጹሕ ነው። ይህም ሆኖ ገመዱ ተፈታ።

እኛስ ዛሬ የያዝነው ገመድ ምንድን ነው? ለአንዱ ጫት ነው። ቀን ለመሥራት ይቅማል፣ ማታ መተኛት ያቅተዋል፣ ጠዋት ለመነሳት እንደገና ይቅማል። ለሌላው በጠርሙስ የሚሸጠው የኃይል መጠጥ ነው። ለሌላው አራተኛው ስኒ ቡና። ለእኔ ስልኬና የሰው ምስጋና ነበሩ። ገመድ ማለት ሰውነትህ «በቃኝ» ሲልህ እንዳትሰማው የምትይዘው ነገር ሁሉ ነው።

ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ወጣት ሳሉ በየቀኑ እየጾሙ በየለሊቱ ቁርኣን ያከትሙ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነትህም፣ ዓይንህም፣ ባለቤትህም ሐቅ አላቸው ብለው እንዲቀንሱ መከሯቸው። እሳቸው ግን ከዚህ የበለጠ እችላለሁ እያሉ ጨመሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ምነው ያን ማቅለያ ተቀብዬ በነበር ይሉ ነበር። እኚሁ ሶሓባ ያወሩት ሌላ ሐዲሥ አለ። ለማንኛውም ሥራ የሙቀት ጊዜ አለው፣ ከሙቀቱ በኋላ ደግሞ የመቀዝቀዝ ጊዜ፣ «ፈትራ» ይመጣል፤ በፈትራው ጊዜ ከሱናው ያልወጣ ሰው ተመርቷል የሚል ነው ትርጉሙ። ፈትራ ይመጣል ነው የተባለው። ፈትራ ያልመጣበት ሰው የለም። ጥያቄው ሲመጣ የት ላይ ያገኘናል የሚለው ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ኢማማችን የልጁን ነገር ሰሙና ጠሩኝ። «ሦስት ሳምንት እዚህ እንዳላይህ። ዘመድህ ጋ ሂድ» አሉኝ። ወላሂ ያባረሩኝ መሰለኝ፤ ቅር ብሎኝ ነው የሄድኩት። የመደብሩን ባለቤት ለምኜ ፈቃድ ወሰድኩና አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ አጎቴ ጋ ደረስኩ። ኅዳር ነበር፤ ስንዴው ደርሷል። ነገር ግን ኮምባይነሩ በተራ ነው የሚመጣው። አራት ቀን ጠበቅን። እኔ እንደ ከተማ ሰው ተቃጠልኩ፤ አንዴ ስልክ እደውላለሁ፣ አንዴ መንገድ እወጣለሁ። አጎቴ አጥር ጠገኑ፣ ከዙህር በኋላ ጋቢያቸውን ለብሰው ተኙ፣ ማታ ጎረቤት ጠየቁ። «አይጨንቅዎትም?» አልኳቸው። «ስንዴው ደርሷል፣ መኪናው አልደረሰም። እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በአንደኛው ማሳቸው ላይ ግን ስንዴ አልነበረም፤ ባቄላ ነበር። ዋጋው ስንዴ በሚሻልበት ዓመት ለምን ባቄላ ዘሩ ብዬ ጠየቅሁ። ስንዴ በስንዴ ላይ ከተደጋገመ መሬቱ እየሰነፈ፣ በሽታውና አረሙ እየበዛ እንደሚሄድ፣ ባቄላ ግን መሬቱን መልሶ እንደሚያበረታ ነገሩኝ። ይህን የእርሻ ባለሙያም ያውቀዋል፤ ባቄላ በሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። ልቤን የነካኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ማሳ ጾሙን አላደረም፤ ሥራ ቀየረ እንጂ። ማረፍ ማለት ሁልጊዜ መቆም አይደለም ማለት ነው። ማረፍ አንዳንዴ ዘሩን መቀየር ነው።

ስመለስ ወደ መቂ ጎራ አልኩና አብሮ አደጌን ጠየቅሁ። ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። እሱ ጋ ወቅት የለም፤ ፓምፕ አለ። ነቅሎ ይተክላል፣ ተክሎ ይነቅላል። ገንዘብ ከአጎቴ ይበልጥ አይቷል፤ አንዳንድ ጊዜም ዋጋው ወድቆ በአንድ ሳምንት አጥቶታል። ፓምፕ አጠገብ በተሠራች ዳስ ውስጥ ነው የሚያድረው። «ማዳበሪያው ድሮ የሚበቃው አሁን አይበቃም፣ መድኃኒቱም እንደዚያው» አለኝ። ስለ መሬቱ እያወራኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ስለ ራሱም የሚያወራ መሰለኝ። አልፈርድበትም፤ የመደብርና የመድረሳ ፓምፔን እኔም ሳላጠፋ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ።

ወንድሞቼ፣ በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ይህን ይነግረናል፤ የምናይበት ዓይን አጣን እንጂ። የወንጂ ስኳር ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመረት ኖሯል። ስኳር ፋብሪካ እንኳ ክረምት ሲገባ አገዳ መፍጨት አቁሞ ጥገና ላይ ይውላል። ብረት ነው፣ ነፍስ የለውም፣ ግን ያርፋል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠራ፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ላይ ለታችኛው አዋሽ ይለቅቃል። ግድቡ በማጠራቀሚያ ጊዜው ካልተጠራቀመ በመስጫው ጊዜ የሚሰጠው የለውም። ደለሉ ደግሞ ዓመት በዓመት ይዘቱን ቀንሶበታል፤ ዝናብ ቢኖርም ቦታ ከሌለ ውኃው አይያዝም። እኛም ውስጣችን በደለል ሲሞላ ደርሱም ዝክሩም ይዘንብብናል፣ ግን የሚይዘው ቦታ የለንም። ከከተማችን በላይ የሚሽከረከሩትን የንፋስ ማመንጫዎችም እዩ። ሁለቱ ምዕራፍ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ንፋሱ የሚበረታው ግድቦች ውኃ በሚቆጥቡበት በበጋ ነው። ግድቡ በክረምት፣ ንፋሱ በበጋ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል።

ዲናችንም በወቅት ላይ የቆመ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) እንቅልፍን ማረፊያ፣ ቀኑን የኑሮ መፈለጊያ እንዳደረገ በሱረቱ ነበእ ነግሮናል። በሱረቱ ቁረይሽ የነጋዴዎቹን የክረምትና የበጋ ጉዞ ጠቅሷል፤ ንግዳቸውም ወቅት ነበረው። የእህል ዘካ የሚወጣው ጥር ወይም ሙሐረም ጠብቆ ሳይሆን በሚታጨድበት ቀን ነው። በዝናብ የበቀለ ከሆነ 10 በመቶ፣ ገበሬው ደክሞ ውኃ እየሳበ ካበቀለው ግን 5 በመቶ። ሸሪዓው የሰውን ድካም ቆጥሮ ግማሹን አነሳለት! አላህ ድካማችሁን ይቆጥራል፤ እናንተ ለምን አትቆጥሩትም?

ሶላት በፀሐይ ነው፣ ጾም በጨረቃ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዷን ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በ1985 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ነበር፤ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. በሐምሌ ዝናብ ጾምን። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ የካቲት ላይ መጣ። እንደ እኔ ሠላሳዎቹን እያገባደደ ያለ ሰው በልኩ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሷል ማለት ነው። አላህ በብርዱም፣ በሙቀቱም፣ በጭቃውም፣ በአጨዳውም አስጾመን። ከፈለገ ሌላ ዙር ይሰጠናል፤ ሦስተኛ ዙር የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የሚቀረውን ዙር እንደ መጀመሪያው እየሮጡ መጨረስ ይቻላል? አይቻልም።

«ማረፍ የሀብታም ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ለባጃጁ ባለቤት በየቀኑ ገቢ የሚያስገባን ሰው ሦስት ወር ላንጋኖ ሂድ ልለው አልችልም፤ ለእኔም አይቻለኝም። ለዚህ ነው የአጎቴን ባቄላ ያነሳሁት። ማሳው አልቆመም፤ ዘሩ ተቀየረ። አንተም ዓመቱን ሙሉ ስንዴ በስንዴ ላይ አትዝራ ነው የምለው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ እናንተ በየሁኔታችሁ ቀይሩት።

1. ክረምት (ኦሮምኛ ተናጋሪው «ጋና» የሚለው)፦ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሌላቸው የመድረሳ ሥራ የሚከብደው ያኔ ነው። ስለዚህ ሌላውን እቀንሳለሁ። በክረምት የማታ ሽምግልና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቆም ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ፤ የተወደደ ጊዜ ነው።

2. ብራ (መስከረም እስከ ኅዳር)፦ የዝምድና ወቅት ነው። በዓመት አንዴ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን ገጠር ወዳሉ ዘመዶች እሄዳለሁ። ሶስት ሳምንት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሁለት ጁሙዓ መሐል ያለው ጊዜ ግን ይገኛል።

3. በጋ («ቦና»)፦ ሠርጉም፣ ግንባታውም፣ ንግዱም የሚደራበት ነው። ያኔ ጠንክሬ እሠራለሁ። ቀኑ ትንሽ ያጥራል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል፤ የሱና ጾም የሚቀለው፣ ለሊት መነሳት የሚጥመው ያኔ ነው።

4. «አርፋሳ» (መጋቢት እስከ ግንቦት)፦ የአዳማ ሙቀት የሚበረታበት። ከዙህር በኋላ ቀይሉላ፣ ሃያ ደቂቃም ቢሆን። ቀይሉላ ሱና ነው፣ ስንፍና አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከስንፍና በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ከእረፍት ግን አልተጠበቁም። በዚህ ወቅት አዲስ ነገር አልጀምርም።

5. በየቀኑ፦ ከዒሻእ በኋላ ስልኬ ይዘጋል። መልስ ያልሰጠኋችሁ አፉ በሉኝ፤ ሱብሒ በኋላ እመልሳለሁ።

ይህ እቅድ ያለ ሌሎች ሰዎች አይሠራም። እኔን ያዳነኝ የራሴ ብልኃት ሳይሆን ኢማሙ «ሂድ» ማለታቸውና አንድ ወንድም ሦስት ሳምንት በነጻ መተካቱ ነው። ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች እናገራለሁ፦ ሙአዚኑ፣ አስቀሪው፣ የመስጂድ ዘበኛው በዓመት ስንት ቀን እንደሚያርፍ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ምንጣፍ ለመቀየር እናዋጣለን፤ ለሰው እረፍትስ? ለባለሱቅና ለቀጣሪ ወንድሞችም፦ ሠራተኛህ ዙህርን ሰግዶ አስር ደቂቃ ጋደም ቢል ሪዝቅህ አይቀንስም። ወጣቶችም ዕቁብ እንደምትጥሉ ሁሉ የቀን ዕቁብ ጣሉ፤ አምስት ባጃጅ ነጂዎች ሆናችሁ በተራ አንዱ በወር አንድ ቀን ሲያርፍ የቀን ገቢውን አራታችሁ ሸፍኑለት። ከፍተኛ ገንዘብ አይደለም። ግድቡ ሲደክም ንፋሱ እንደሚሸከመው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሰው መኖር ካስጠላው፣ ይህ ዝለት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሩቅያ አድርጉ፣ ዱዓ አድርጉ፤ ሆስፒታልም ሂዱ። አያሳፍርም። መድኃኒት ፈልጉ የተባልን ኡማ ነን።

ልጁን የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ተመልሶ አልመጣም። አሁን ሌላ መድረሳ ይቀራል፣ አልሐምዱሊላህ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ጠጋ ግን አይልም። ወቅት የሚመልሰው ነገር አለ፣ የማይመልሰውም አለ። ስለዚህ የቤታችሁ ልጅ፣ ባለቤታችሁ፣ እናታችሁ ሆዳቸውን ሳያማቸው በፊት የያዛችሁትን ገመድ ፍቱት።

አላህ በተሰጠን ዕድሜ በረካ ያድርግልን፣ ያዘለንን ያቅልልን፣ ፈትራችን ሲመጣ ከሱናው ላይ ያግኘን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።